ስም የሌለው መንገድ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት አሮጌ ፔዳል ነው። ለመዘምራን ኅብረታችን ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ዕቃውን ከሚሸጥ ወንድም ዲሌይ የምትባለዋን ፔዳል በርካሽ ገዛኋት። ጊታር ለማትጫወቱት ላስረዳ፦ ዲሌይ የመታችሁትን ድምፅ ይዛ ትቆይና መልሳ ትሰጣችኋለች፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ከማዶ እንደሚመለስለት ማለት ነው። ምላሹን ከመዝሙሩ ምት ጋር ካስማማችሁት አንዱ ጊታር እንደ ሦስት ይሆናል። ጣት ጥቂት ይሠራል፣ አዳራሹ ግን ይሞላል። ከውጭ የአምልኮ መዝሙሮች እየሰማሁ ስቀናበት የኖርኩት ድምፅ ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሰክቼ ሞከርኩት። መዘምራኑ ዝም አሉ። አንዲት እህት ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ትልቅ መንፈሳዊ ሥራ የሠራሁ ያህል ተሰማኝ። ያን ጊዜ ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ «አንተ፣ ይሄ እኮ የዩቱ ነው» አለኝ።

«የማን?»

«የዩቱ። የሮክ ባንድ ነው። ዛሬ እንዲህ የሚጫወት የአምልኮ ጊታሪስት ሁሉ የተማረው ከዚያ ሰውዬ ነው።»

ደነገጥኩ። በቤታችን ዘፈን አይገባም። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ የሚጠቅሳትም ጥቅስ ገላትያ 5፥21 ናት። ከሥጋ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከስካር ቀጥሎ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። በግሪኩ ያለው ቃል በስካር የሚደረግን ፈንጠዝያና ጭፈራ እንጂ ማንኛውንም ዜማ እንደማያመለክት ካነበብኩ በኋላ፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። «ታዲያ ፈንጠዝያው ያለ ዘፈን ይሆናል?» ብሎ ዘጋኝ። እውነቱን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ታክሲ ውስጥ የሰማሁት አይቆጠርብኝም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቼ ነበር የምኖረው።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑት አባባ ብቻ ነበሩ። አባባ የአባቴ አጎት ናቸው፤ አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከመኪናው ያመጧቸው የድሮ ካሴቶች ነበሯቸው። ቤታችን መጥተው ቡና እስኪፈላ ሲያንጎራጉሩ አባቴ ያልሰማ መስሎ ጋዜጣውን ይገልጥ ነበር። ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል።

እንግዲህ ያን ቀን ማታ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ፈለግሁት። ጓደኛዬ የላከልኝ አልበም «ዘ ጆሹዋ ትሪ» ይባላል፤ የኢያሱ ዛፍ ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ የሚበቅል፣ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ የዘረጋ ዛፍ ነው። ስሙንም ሰፋሪዎች ያወጡለት፣ ኢያሱ እጁን ዘርግቶ የቆመ መስሏቸው ነው ይባላል። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1987 ነው፤ አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉት። ከሃያ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በ1988ም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው «ተጫወት» የሚለውን የተጫንኩት።

መጀመሪያ የሚሰማው ኦርጋን የሚመስል ድምፅ ነው። በጣም ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ጉባኤ ሳይሞላ አንድ ሰው ብቻውን ኪቦርድ እየነካካ የሚያደርገው ዓይነት። ከዚያ ከሩቅ ጊታር ይገባል፤ ያቺ የኔ ፔዳል! እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣል። ቤዙ ይጨመራል፣ ከበሮው ይጨመራል። ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ድረስ ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ አምልኮ መሪዎች «ወደ ፊቱ እንግባ» ሲሉ የሰማሁት ነገር በድምፅ ተሠርቶ ይኸው ፊቴ ቆመ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ይህን የሠሩት ሰዎች እነማን ናቸው?

ማንበብ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኔና ለናንተ የሚቀርበው ክፍል ይሄ ነውና። በ1976 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ ላሪ ሙለን የሚባል ከበሮ መቺ ልጅ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ባንድ መመሥረት እፈልጋለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከመጡት መካከል ቦኖ እየተባለ የሚጠራው ዘፋኝ ፖል ሂውሰን፣ ኤጅ የሚባለው ጊታሪስት ዴቪድ ኢቫንስ፣ ቤዝ የሚጫወተው አዳም ክሌተን ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም ቦኖ፣ ኤጅና ላሪ፣ ሻሎም በሚባል የክርስቲያኖች ኅብረት ውስጥ ገቡ። መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይጾማሉ። ኮንሰርት ለማቅረብ እየተጓዙ እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ያነቡ ነበር። ሁለተኛውን አልበማቸውን ባወጡበት በ1981 አካባቢ ግን ጥያቄው መጣ፦ ሮክና ጌታ አብረው ይሄዳሉ? ከኅብረቱ ሰዎች መካከል አይሄዱም የሚሉ ነበሩ። ኤጅ ባንዱን ሊለቅ ወሰነ። እነሱም ነገሩን ለሥራ አስኪያጃቸው ሊነግሩት ሄዱ፤ እሱም የኮንሰርት ውል መፈረሙን አስታወሳቸው። በመጨረሻ ባንዱን ሳይሆን ኅብረቱን ለቀቁ፤ እምነታቸውን ግን አልተውም አሉ።

ይህን ሳነብ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰብኝ ያህል ሆንኩ። የኤጅ ጥያቄ የኔ ጥያቄ ነው። በኛ መካከል ስንት ጊታሪስት በዚህ ጥያቄ ሌሊት አድሯል? ትክክል ወሰኑ እያልኳችሁ አይደለም። ኅብረቱን መልቀቃቸው እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል፤ በሕይወታቸውም የማልስማማበት ብዙ ነገር አለ። ግን ጥያቄውን በቀልድ እንዳላለፉት አወቅሁ።

ወደ አልበሙ ልመለስ። ብዙ አልበም አንዱን ዘፈን ከሰማችሁ ሁሉንም ሰማችሁ ማለት ነው። ይሄኛው እንዲህ አይደለም። በ1986 ደብሊን አጠገብ አንድ ትልቅ ቤት ተከራይተው፣ ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላንዋ ከሚባሉ ሁለት ፕሮዲውሰሮች ጋር ሲሠሩ፣ የአሜሪካን ጥንታዊ ሙዚቃ ማጥናት ጀምረው ነበር፤ ብሉዝን፣ የገጠር ዘፈንን፣ የጥቁሮችን ጎስፔል። አሥራ አንዱም ዘፈን አንድ ቤት ውስጥ ያደጉ ግን መልካቸው የማይመሳሰል ልጆች ይመስላሉ። ሦስተኛው፣ በጣም የታወቀው፣ ከአንድ የቤዝ መስመር ላይ ንቅንቅ ሳይል ቀስ በቀስ ይፋፋማል። አራተኛው ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ቦኖ በ1986 ጦርነት ላይ የነበረችውን ኤል ሳልቫዶርን አይቶ ተመልሶ፣ ኤጅን ያየሁትን በጊታር አሰማልኝ አለው። ጊታሩ እንደ ጦር አውሮፕላን ይጮኻል። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ማዳመጫውን አውልቄዋለሁ። አምስተኛው ደግሞ ከዚያ ጩኸት ወጥቶ እንደ እሹሩሩ ለስለስ ይላል፤ ፒያኖና ሃርሞኒካ። የሚያወራው ግን ቦኖ ካደገበት ሰፈር ማዶ፣ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ በሄሮይን ስለተያዘች ሴት ነው። ስድስተኛው በ1984 እና 1985 የሥራ ማቆም አድማ ስላደረጉ የብሪታንያ ማዕድን ቆፋሪዎች ነው።

ስምንተኛውን አልወደውም። ሃርሞኒካው ይጮኻል፣ ዘፈኑ የሰከረ ይመስላል፤ ብትዘሉት ምንም አይቀርባችሁም። አሥረኛው በነፍሰ ገዳይ አእምሮ ውስጥ የሚሄድ ስለሆነ ማታ ማታ አልሰማውም።

በሁለቱ መካከል ያለው ዘጠነኛው ግን ልቤን ነካው። ግሬግ ካሮል የሚባል የኒውዚላንድ ማኦሪ ወጣት ከባንዱ ጋር ይሠራ ነበር። በ1986 ክረምት ደብሊን ውስጥ የቦኖን ሞተር ብስክሌት ሊያደርስ ሲሄድ በአደጋ ሞተ። ቦኖ አስከሬኑን ተከትሎ ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ ቀበረው፤ ዘፈኑም በአገሩ ባለ አንድ ኮረብታ ስም ተጠራ። አንዴ ከዘፈነው በኋላ መድገም አልቻለም ይባላል። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ያልቅና ድምፁ ብቻውን ተነሥቶ ያለቅሳል፤ ለቅሶ ቤት ደረት እየተመታ ሲሙያዪ እንደምትሰሙት። የመጨረሻው፣ አሥራ አንደኛው፣ ልጆቻቸው በወታደሮች ተወስደው የት እንደደረሱ ላላወቁ የአርጀንቲናና የኤል ሳልቫዶር እናቶች ነው። አልበሙ እዚያ ላይ ያበቃል፤ መልስ ሳይሰጥ።

ሁለተኛውን ያለፍኩት ሆን ብዬ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምፈልገውን እስካሁን አላገኘሁም» ማለት ነው። ዜማው ጎስፔል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢዘመር ማንም ዞር ብሎ አያይም። በ1987 ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ የጎስፔል መዘምራን ቡድን ጋር ሲዘምሩት የተቀረጸም አለ፤ ከዋናው ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። በቃላቱ ውስጥ ስለ መስቀሉ በግልጽ ይመሰክራል። እያመነ፣ እንደሚያምን እየተናገረ፣ አላገኘሁም ይላል።

ይህን ለወጣቶች ኅብረታችን ባቀርብ ጦር ተነሣ። አንዲት እህት፣ «ጌታን ያገኘ ሰው ምን ቀረው ነው አላገኘሁም የሚለው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ጳውሎስን ጠቀስኩ፤ ፊልጵስዩስ 3 ላይ አሁን እንዳገኘሁ ወይም አሁን ፍጹም እንደ ሆንሁ አይደለም የሚለውን። እሷ ደግሞ ጳውሎስ ወዲያው እሮጣለሁ ይላል፣ ሰውዬህ ግን ቆሞ ነው የሚያለቅሰው አለች። ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ግን የመዝሙር ፋይላችንን ገለበጥኩት። ድል፣ በረከት፣ ምስጋና፣ ድል። ጥያቄ የሚጠይቅ መዝሙር ፈልጌ ሁለት ብቻ አገኘሁ። የዳዊት መጽሐፍ ግን እስከ መቼ ብሎ ይጠይቃል፤ መዝሙር 88 በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፣ ማንም «አሜን በሉ» ብሎ አያቋርጠውም። ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ፣ ሥራ ያጣሁ፣ ጸሎቴ ከጣሪያ የማያልፍ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። እሑድ እሑድ ግን በፈገግታ ጊታር እመታ ነበር። ያን ዘፈን ስሰማ እንደ ዕዳ የያዝኩትን ነገር አንድ ሰው ጮክ ብሎ የተናገረልኝ መሰለኝ። አለማመን አልነበረም። ረሃብ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዘፈን። ርእሱ መንገዶቹ ስም የሌላቸው ስፍራ ማለት ነው። ስለ ዘፈኑ ሳነብ አንድ ስም ዓይኔን ያዘው፦ አጅባር። ወሎ! በ1985፣ ለድርቁ እርዳታ የተዘጋጀው ትልቁ ኮንሰርት ካለፈ በኋላ፣ ቦኖና ባለቤቱ አሊ ካሜራ ሳያስከትሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ አጅባር በነበረው የእርዳታ ጣቢያ ለሳምንታት ሠርተዋል። ለልጆች ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና የሚያስተምሩ አጫጭር መዝሙሮችና ጨዋታዎች ያዘጋጅላቸው ነበር። የዚህ ዘፈን ሐሳብ የተጠነሰሰው እዚያ ነው። ሌላው ምንጭ ደግሞ ቤልፋስት ናት፤ በዚያች ከተማ ሰው የሚኖርበትን መንገድ ስም ሰምተው ሃይማኖቱንና ኑሮውን ያውቁ ነበርና፣ ያ የማይታወቅበትን ስፍራ ተመኘ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። ስለ ልጅነቱ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በሰባ ሰባት ነው የመጣሁት።» ከዚያ በኋላ ወሬ ይቀይራል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ቡና ተጠጥቶ እማዬ ሲኒዎቹን እያነሣች ሳለ፣ «አባዬ፣ አጅባር የሚባል ቦታ ታውቃለህ?» አልኩት።

ቀና አለ። «ገበያዋን አውቃታለሁ። ምነው?»

ነገርኩት። የዘፈኑን ነገር፣ የአየርላንዱን ሰውዬ፣ ጣቢያውን። ይቆጣል ብዬ ነበር። «አሰማኝ» አለ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ኦርጋኑ ሲጀምር አንገቱን ደፋ። ጊታሩ ሲመጣ፣ «ይሄ ያንተ ነገር አይደል? እሑድ እሑድ የምትመታው» አለኝ። አፈርኩ፤ ነው አልኩት። ቃሉ ምን ይላል አለኝ፤ በራሴ አማርኛ፣ ሰውዬው ግድግዳዎቹን አፍርሶ መውጣት እንደሚፈልግ፣ መንገዱ ስም የሌለበት ስፍራ ሊሄድ እንደሚመኝ ነገርኩት።

«የኛ አገር መንገድ መቼ ስም ነበረው» አለ አባቴ። «ስም ያለው ሰው ነው። የእከሌ ደጅ፣ የእከሌ ማሳ። ሰዉ ሲያልቅ ስሙም አለቀ።»

ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እማዬ ሲኒዎቹን ይዛ እንደቆመች ቀረች። እኔም ድፍረት አገኘሁና ቦኖ ደጋግሞ የሚናገረውን ነገር ጨመርኩለት። በጣቢያው አንድ አባት ልጁን ታቅፎ ይመጣል። ውሰደው፣ ካንተ ጋር ከሆነ በሕይወት ይኖራል፣ እዚህ ከቀረ ይሞታል ይለዋል።

ዘፈኑ አልቋል። አባቴ ዓይኑን ስልኩ ላይ እንደተከለ፣ «ታዲያ ወሰደው?» አለኝ።

«አልወሰደውም። አይፈቀድም ነበር።»

ብዙ ቆየ። «እኔን ወሰዱኝ» አለ።

አባባ አጎቱ አልነበሩም። አያቴ ልጁን ይዞ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ኮምቦልቻ አስፋልቱ ላይ ደረሰ። ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ሲውሉ አንድ የጭነት መኪና ጎማ ሊቀይር ቆመ። አያቴ ሾፌሩን ለመነው። ምን ብሎ እንደለመነው አባቴ አልሰማም፤ የሚያስታውሰው አያቴ በነጠላው ጫፍ ፊቱን እንደጠረገለትና መኪናው ላይ ሲያወጡት እጁን ቶሎ እንዳልለቀቀው ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ተመልሶ አላየውም። «አባባ በመንገድ ላይ ካሴት ከፈቱልኝ» አለ፤ «እንዳላለቅስ ብለው። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ዘፈን ነበር።»

በዚህ መካከል ሁለተኛው ዘፈን በራሱ ጀምሮ ነበር። ማናችንም አላጠፋነውም። እስኪያልቅ ሰማነው፤ ይሄኛውስ ምን ይላል ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

በቤታችን ዘፈን አሁንም አይገባም። በማግስቱ፣ «ያን ነገር በማዳመጫ ነው እንጂ ለእህቶችህ እንዳትከፍት» ብሎኛል። የዚያን ዕለት ማታ ግን እንደ ልማዳችን ለቤተሰብ ጸሎት ተንበረከክን። አባቴ ሁልጊዜ በሚጸልይበት ቅደም ተከተል ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ አገር፣ ስለ እኛ ጸለየ። አሜን ልንል ስንል ቀጠለ። ስለ አባባ ጌታን አመሰገነ፤ ከዚያ ድምፁ ተለውጦ ስለ አባቱ አመሰገነ፣ በስሙ ጠርቶ። ያን ስም ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም ነበር። ዓይኔን ስከፍት እማዬም ከፍታ እያየችው ነበር።